«ዶሮዎቹ ምን ሆኑ?» ብላችሁ ጠይቁ

አሮጌ የዶሮ ቤት የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሌላ ነገር ጠይቁ። «እዚህ ውስጥ የነበሩት ዶሮዎች ምን ሆኑ?» በሉ። ተሸጡ? ታረዱ? ሞቱ? ከሞቱ መቼ፣ እንዴት ሆነው? መልሱን ስትሰሙ የሻጩንም ፊት እዩ።

እኔ ባለመጠየቄ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

እናቴ ጡረታ የወጣች ሰሞን ግቢው ጭር እንዳይልባት ብዬ ከሾላ ገበያ 6 ዶሮ ገዛሁላት። ቤት እንደሌላቸው ያሰብኩት ዶሮዎቹን ይዤ ከገባሁ በኋላ ነው። አንድ ዘመዳችን «እኔ ጋ ባዶውን የቆመ አለ፣ ውሰጂው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። ለምን ባዶውን እንደቆመ አልጠየቅኩም። ወለሉ ላይ የደረቀ ኩስ ነበር። በመጥረጊያ ጠርግ ጠርግ አድርጌ አስገባኋቸው።

በ9ኛው ቀን አንዷ ጥግ ይዛ ተኮራመተች። ክንፎቿን ጥላለች። ኩሷ አረንጓዴ ውሃ ሆኗል። በማግስቱ የሌላዋ አንገት ተጠማዘዘ። እህል ለመልቀም ስታጎነብስ ጥሬዋን ትስታለች፣ ደግማ ትሞክራለች፣ ደግማ ትስታለች። ቆሞ ማየት ይከብዳል። ሳምንት ሳይሞላ 6ቱም አለቁ። ፈንግል ነበር፣ ፈረንጆቹ ኒውካስል የሚሉት። በሽታው ከገበያ አብሯቸው መጥቶም ሊሆን ይችላል። ያልታጠበ ቤት ውስጥ ያስገባኋቸው ግን እኔ ነኝ።

እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ውሃ የሚጠጡበትን ጣሳ አጠበችና ከቤቱ ውሃ ልክ አጠገብ ደፍታ አስቀመጠችው። ጣሳው 4 ዓመት እዚያው ተደፍቶ ኖረ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ዘንድሮ እንደገና ሞከርኩ። በዚህኛው ዙር ግን ቅደም ተከተሉን ቀየርኩት። መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ በትዕግሥት መጠበቅ፣ መጨረሻ ላይ ዶሮዎቹ።

ቤቱን ያገኘሁት ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው አንዲት እናት ከመግባታቸው በፊት እቃ እየሸጡ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ ማርባት አይቻልም። ቤቱ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 1 ሜትር ነው። በ4 እግር ቆሟል። በሞራሌና በጣውላ የተሠራ፣ ሲገፉት የማይነቃነቅ ነገር ነው። ቀለሙ ተላልጧል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ሽቦው እዚህም እዚያም ተቀዷል፣ አጥንቱ ግን ጤነኛ ነው። ያመጣኝ ደላላ «20 ዶሮ ይይዛል» እያለ ያጣድፈኛል። እኔ ሴትየዋን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ዶሮዎቹ ምን ሆኑ?»

«ሁለቱን ለእንቁጣጣሽ አረድናቸው።»

«ሌሎቹስ?»

ትንሽ ዝም አሉ። ደላላው ሊመልስልኝ ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

«አልዋሽሽም የኔ ልጅ። ሐምሌ ላይ ሦስቱ አንገታቸው እየዞረ ሞቱብኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አላስገባሁም።»

ይህን ሰምተሽ ለምን ገዛሽው ትሉኝ ይሆናል። ፈንግል ቫይረስ ነው። ኩስና ቆሻሻ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ጥላና ቅዝቃዜ ባለበት ቦታ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ፀሐይ ግን አይችልም። ሙቀት አይችልም። ቆሻሻው ከተነሳለት ሳሙናና በረኪናም ይገድሉታል። ስለዚህ ጠላቴ ማን እንደሆነ አውቄ መግባቴ ነው። «ምንም አልሆኑም፣ ጤነኛ ነበሩ» ተብሎ ከሚሸጥልኝ ቤት ይልቅ የሴትየዋ ቤት ይሻለኛል። 3,500 ብር አሉኝ። ስለ እውነታቸው ብዬ አንድ ብር አልተከራከርኩም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሌላ ነገር አድርጉ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱና እግሮቹን ከታች በኩል ወጋ ወጋ አድርጓቸው። ደህና እንጨት ካቻቢቴውን ይመልሰዋል። የበሰበሰ እንጨት እንደ ዳቦ ይውጠዋል። የኔው ቤት ከ4ቱ እግር ሁለቱ ከታች አንድ ስንዝር ያህል በስብሰው ነበር። እግር መቀየር ቀላል ነው። ዋናው ማዕዘን፣ ጣራውን የተሸከመው ሞራሌ ከበሰበሰ ግን ተዉት፣ የማገዶ እንጨት ነው የምትገዙት።

ቁጥሩንም ራሳችሁ አስሉ። ደላላ አያስላላችሁ። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ለማደሪያ ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ለ4 ቢታሰብ ጥሩ ነው፣ ውጭ ደግሞ በሽቦ የታጠረ መዋያ ካላቸው። ይሄ ቤት አንድ ካሬ ተኩል ነው። 6 ይይዛል ማለት ነው። እኔ 5 ላስገባ ወሰንኩ። የተጨናነቁ ዶሮዎች እርስ በርስ ላባ ይነቃቀላሉ፣ ደካማዋን ደም እስኪወጣት ይነክሷታል፣ አየሩም ይከረፋል።

በጭነት ባጃጅ ጭነን ወደ ቀበና ወረድን። የእኛ ግቢ ከወንዙ አፋፍ ብዙም አይርቅም። ይሄ በኋላ ነገር ያመጣል።

የዚያኑ ዕለት ማታ የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ቀን ቀን ስመለከተው ምንም አላየሁም ነበር። ማታ ግን የዶሮ ቤት ሌላ ነው። ቆጡ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስል ነገር አየሁ። ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዤ ቆጡን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረግኩት። አመዱ ወረቀቱ ላይ ረገፈ። ከዚያ አመዱ መሄድ ጀመረ።

አንዱን በጥፍሬ ስጫነው ወረቀቱ ላይ ቀይ ጭረት ተወ። ደም ነው። ለእንቁጣጣሽ የታረዱት ዶሮዎች ደም።

ይሄ ደም መጣጭ ቅንቅን ነው። ዶሮዋ ላይ አይኖርም፣ ቤቷ ውስጥ ነው የሚኖረው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል፣ ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። ለዚህ ነው ዶሮዋን ቀን አገላብጣችሁ ብታዩ ንጹሕ የምትመስለው፣ ግን አክሊሏ እየገረጣ፣ እንቁላሏ እየቀነሰ፣ ማታ ማታ ወደ ቤቷ መግባት እየጠላች የምትሄደው። ያለ ምግብም ወራት መቆየት ይችላል። አሮጌ የዶሮ ቤት ገዝታችሁ «ሁለት ወር ባዶውን ስለቆመ ሞቷል» ብላችሁ አታስቡ። ጠብቋችኋል።

ስለዚህ እጥበት። ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ እጥበት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኩሱን ደረቁን አትፋቁት። አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ውሃ አርከፈከፍኩበት፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፈንኩ፣ ከዚያ በስፓቱላ እየፋቅኩ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመርኩት። ጎመን ላይ አልደፋሁትም። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ቀጥሎ ሙቅ ውሃና ኦሞ፣ በብሩሽ፣ እያንዳንዱን ጣውላ። በረኪና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ይሄን ቅደም ተከተል አደራ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፣ ቫይረሱ ጋ አይደርስም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ኩስ ውስጥ አሞኒያ አለ፣ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። ዝግ ቤት ውስጥ ጭንቅላታችሁን አስገብታችሁ እያጠባችሁ ይህ ቢሆን አደገኛ ነው። እኔ ኩሱ ከተነሳና በሳሙና ታጥቦ ከጠራ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጬ ቀባሁት፣ ሩብ ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ አደረግኩና አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ለቅንቅኑ ደግሞ የፈላ ውሃ። እናቴ በትልቁ ድስት እያፈላች ታቀብለኛለች፣ እኔ በማንቆርቆሪያ በእያንዳንዱ ስንጥቅ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አወርድበታለሁ። አሮጌውን ቆጥ አውጥቼ አቃጠልኩት። ይሄን ሁሉ በሳምንቱ ደገምኩት፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ ሠለስኩት። ምክንያቱም የፈላ ውሃ ያመለጠው እንቁላል በሳምንት ውስጥ ተፈልፍሎ አዲስ ትውልድ ይሆናል። አንዴ አጥቦ መተው ምንም እንዳልሠሩ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ማታ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ፣ መታ መታ አደረግኩ። ባዶ። እንደገና መታሁ። ባዶ። ከዚያ ውስጡን በሙሉ ኖራ ቀባነው፣ ስንጥቁን እየሞላን። ኖራ ሲደርቅ ስንጥቅ ይደፍናል፣ ነጭ ስለሆነ ደግሞ ነገ አንድ ነገር ቢንቀሳቀስበት ወዲያው ይታያል።

የውጭው አሮጌ ዘይት ቀለም እየተላጠ ነበር። ድሮ የተቀባ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ዶሮ ደግሞ መሬት ላይ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች፣ የበላችው እርሳስ ወደ እንቁላሏም ይሄዳል። አርጥቤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፍርፋሪውን በላስቲክ ላይ ሰብስቤ አስወገድኩት። ሚስማር ለመልቀም ከተበላሸ ስፒከር ላይ የወጣ ማግኔት በገመድ አስሬ ሣሩ ላይ ጎተትኩት። አንድ ጭብጥ ሙሉ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭ ወጣ። ዶሮ የሚያብለጨልጭ ነገር ትወዳለች። አንድ ቁራጭ ሽቦ ብትውጥ ውስጧን ይበሳዋል።

እግሮቹን፣ ጣራውንና በሩን የጠገነልን የሰፈራችን አናጺ ነው። ጋሼ ነው የምለው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ የቤታችንን መስኮቶች የሠራቸው እሱ ነው። የበሰበሱትን እግሮች ቆርጦ በአዲስ ሞራሌ ቀጠለ፣ ከታች ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠላቸው። ለምስጥ ብሎ የተቃጠለ ዘይት ሊቀባ ሲል እግሮቹን ብቻ ቀባ አልኩት፣ እሱም ዶሮ ከማይደርስበት ቦታ አላሳለፈውም። ሁለት አዲስ ቆርቆሮ ተመታ። ተዳፋቱ ወደ አጥሩ እንዲሆን አደረገና ግማሽ አሸንዳ ሠራለት፣ የክረምት ውሃ መዋያቸው ውስጥ እንዳይወርድ።

የተከራከርነው አየር ላይ ነው። የቀድሞዋ ባለቤት ጎኖቹን ሁሉ በላስቲክ ሸፍነውት ነበር። እኔም የህዳርና የታህሳስን ብርድ አስቤ አዲስ ላስቲክ ገዝቼ ነበር። ቀበና ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የወንዝ ዳር ሰው ያውቀዋል።

«ይሄን ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ።

«ብርድ እንዳይመታቸው።»

«ልጄ፣ ዶሮ እኮ ላባ አላት። የሚገድላት እርጥበት ነው።»

እኔ አልተዋጠልኝም። እሱ ምድጃ ላይ ወደነበረው ድስት ሄዶ ክዳኑን አነሳና ገልብጦ አሳየኝ። ከሥሩ ውሃው ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። «ቆርቆሮው ክዳን ነው» አለኝ። «እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ። ከዘጋሽው ጎህ ሲቀድ ጀርባቸው ላይ ይዘንባል።»

ልክ ነው። እርጥበቱ ከኩሱ ጋር ተቀላቅሎ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ሳንባቸውን ይጎዳል፣ ሳንባው የተጎዳ ዶሮ ደግሞ ለማንኛውም በሽታ በሩን የከፈተ ነው። ስለዚህ ከጣራው ሥር፣ በሁለቱም ረጃጅም ጎኖች፣ አንድ መዳፍ ስፋት ያለው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር ተውን። ቁም ነገሩ ክፍተቱ ከተኙት ዶሮዎች ራስ በላይ መሆኑ ነው። እርጥቡ አየር ከላይ ይወጣል፣ ንፋሱ ግን እነሱን አይነካም። ከታች፣ ቆጡ በሚገኝበት ከፍታ፣ ግድግዳው ድፍን ጣውላ ነው። የእናንተ ቤት በቂ አየር እንዳለው ማወቅ ከፈለጋችሁ ሳይነጋ ተነሱና በሩን ከፍታችሁ ጭንቅላታችሁን አስገቡ። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ በቂ አይደለም።

ላስቲኩን እናቴ ለሽንኩርት ችግኟ ወሰደችው።

ሽቦው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሌላው ላይ ቆጥቡ። ድሮ የነበረው ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ስስ የዶሮ ሽቦ ነው። እሱ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ አያግድም። ቀበና ወንዝ ዳር ሸለምጥማጥ አለ። ድመት የሚያህል፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጅራቱ ረጅም ቀለበት ቀለበት የሆነ አውሬ ነው። ሌሊት ይወጣል፣ ግንብ ይወጣል፣ ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ሰውነቱም ያልፍበታል። አንዱን ገድሎ በቃኝ የማይልበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀን ደግሞ ጭላት ከላይ ትዞራለች፣ አይጥም በሽንቁር ገብቶ መኖና እንቁላል ይጨርሳል። መርካቶ ወርጄ በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ መረብ ገዛሁ። ማጠፊያና መቀርቀሪያውን ከምን አለሽ ተራ አሮጌ ግን ወፍራም አገኘሁ። የአየር ክፍተቶቹን፣ መስኮቱን፣ የመዋያውን ጎንና ጣራ በሙሉ በመረቡ ሸፈንን። በመዋያው ዙሪያ ደግሞ መረቡን ወደ ውጭ አጥፈን ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ ዘረጋነውና አፈር መለስንበት። የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው። እዚያ ላይ መረብ ሲያገኝ ወደ ኋላ ግማሽ ሜትር ሄዶ ልቆፍር ብሎ አያስብም።

ስለ ቆጡም ላውራ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንላለን፣ ከተማ ያደግን ልጆች ግን ስንቶቻችን ቆጥ አይተናል? እኔ እስከ ዘንድሮ ክብ አጠና ሁሉ ቆጥ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። ዶሮ ግን የምትተኛው የእግሯን ጣቶች ዘርግታ፣ በሆድ ላባዋ ሸፍናቸው ነው። ስለዚህ አራት ጣት ያህል ስፋት ያለው ሞራሌ፣ ሰፊው ጎን ወደ ላይ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ፣ ለእያንዳንዷ 25 ሳንቲ ሜትር። ጋሼ ከግድግዳው ጋር በሚስማር አልመታውም። ሁለቱን ጫፎች ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ አሳርፎ ጣሳዎቹን ግሪስ ቀባቸው። ቅንቅን ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ቆጡ ለመሄድ ግሪሱን መሻገር አለበት። በየሳምንቱ አንስቼው አየዋለሁ።

የእንቁላል መጣያ ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው፣ በየጎናቸው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከቆጡ ዝቅ ያሉ። ከቆጡ ከፍ ካሉ ዶሮዎቹ እዚያ ይተኛሉ፣ ሲተኙበት ደግሞ ይኮሱበታል። ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ ደረቅ ሰጋቱራ። መዋያው ውስጥ አሮጌ የመኪና ጎማ አስቀምጬ ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ ሞላሁት። ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው በአቧራ ነው።

ሁሉም ያለቀው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ ጠበቅን። ቤቱ ባዶውን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ፀሐይ እየገባበት ከአንድ ወር በላይ ቆመ። ጎረቤት «ሠርታችሁ ጨርሳችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ይዛ በባዶው ቤት ፊት ለፊት ትቀመጣለች። እኔም አልቸኮልኩም። ያንን ጣሳ እያየሁ እንዴት እቸኩላለሁ?

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ዶሮ ረከስ ይላል። ህዳር 22 ቀን 5 ቄቦች አመጣን፣ 16 ሳምንት የሞላቸው፣ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት እንቁላል ጣዮች። ገበያ አልሄድኩም። ገበያ ላይ የአምስት አገር ዶሮ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይተነፍሳል። ጫጩት አሳድጎ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄጄ የክትባት ወረቀታቸውን አይቼ ነው የገዛሁት። ፈንግል መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው፣ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም እዚሁ አገራችን ያመርተዋል። ችግሩ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ዶዝ ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ የዚያኑ ቀን ማለቅ አለበት። ለ5 ዶሮ ብቻ ብልቃጥ አይከፈትም። ስለዚህ በየቤቱ እየዞርኩ ዶሮ ያለውን ሰው ሁሉ ቆጠርኩ፣ 7 ቤት 40 ዶሮ ሆንን፣ ገንዘብ አዋጣን፣ የእንስሳት ሐኪም አስመጣንና ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ዓይናቸው ላይ በጠብታ አስከተብን። ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገማል፣ ቀኑን በር ላይ ጽፈነዋል። ይሄን እያንዳንዱ ሰፈር ቢያደርገው ደስ ይለኛል። የጎረቤት ዶሮ ካልተከተበች የኔዎቹም ሙሉ በሙሉ አልተጠበቁም።

አውራ ዶሮ አልገዛሁም። እናቴ «ያለ አውራ እንዴት ይጥላሉ?» ብላ ተከራክራኝ ነበር። እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልግም፣ ጫጩት ለማስፈልፈል ነው የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው እንቁላል ታህሳስ 14 ቀን ሳጥኑ ውስጥ ተገኘ፣ ትንሽዬ፣ ገና ሞቅ ያለ። እናቴ ጾመኛ ስለሆነች አልቀመሰችውም። ጉንጯ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ለገና ብላ ማጠራቀም ጀመረች።

ታህሳስ መጨረሻ አካባቢ አንድ ሌሊት የሰፈሩ ውሾች ሲጮኹ አደሩ። ጋሼ ቀደም ብሎ በቤቱ ዙሪያ አመድ ነስንሺ፣ ማን እንደሚመጣ ታያለሽ ብሎኝ ነበር። ሲነጋ ወጣሁ። አመዱ ላይ ዱካ አለ። ከአጥሩ በኩል መጥቷል፣ መዋያውን ዙሪያውን ዞሮታል፣ አንዴ ብቻም አይደለም፣ ዱካው በዱካው ላይ ተደራርቧል። በሩ ሥር ቆፍሯል። አራት ጣት ያህል ወርዶ መረቡ ላይ ቆሟል። በሌላኛው ጥግም ቆፍሯል። እዚያም መረብ። በመቀርቀሪያው ግራና ቀኝ አዲስ የጥፍር ጭረት አለ። ከዚያ ዱካው በመጣበት አቅጣጫ ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ጋሼን ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «ሸለምጥማጥ ነው» አለ። «ድመት እንዲህ አትደክምም።»

እናቴ ከኋላችን መጣች። ያንን ጣሳ ይዛለች፣ ውሃ ሞልታዋለች። ዱካውን አየች፣ ምንም አላለችም፣ በመስኮቱ በኩል አጮልቃ በጣቷ ቆጠረች። «አምስቱም አሉ» አለችና በሩን ከፍታ ጣሳውን አስቀመጠችላቸው።

እኔ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ልገዛ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ።